ሙልሙሉን ይዤ የወጣሁ ቀን

ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «የአባቱ ልጅ!» ይሉኛል። ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። አንዳንዱማ ልጁን በእጁ ይዞ ቆም ይልና «እይ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው» እያለ በእኔ ይመክረዋል። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ቤቴ እስክደርስ ፊቴ ይነዳል። የድሬ ፀሐይ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፣ ግን ማታ ማታም ይነዳል።

ነገሩ የቡሄ ነገር ነው። የሚጀምረው ግን ከአንድ ሸራ ነው።

እኛ ሰፈር፣ ከደቻቱ ወዲህ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፎ ነው የሚኖረው። ከቤታችን ፊት ለፊት ኤዶ አለች። ኤዶ ስሟ አይደለም፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ግን ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጣት አባቴ እንኳ ሳይቀር፣ ኤዶ ነው የሚላት። ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ቤቷ ደጃፍ ላይም በሸራ የተከለለች ትንሽ ሱቅ አለቻት። የጨርቁን ቦንዳ ከባጃጅ አውርዳ ራሷ ተሸክማ ነው የምታስገባው። ጎረምሳ «ልርዳሽ» ሲላት «ዋሪያ፣ ወገብህ እንዳይቀጭ!» ብላ ታባርረዋለች።

ካቻምና በቡሄ ዋዜማ እንደ ልማዳችን ችቦውን መንገዱ መሀል ለኮስነው። የሰፈሩን የበዓል ኮሚቴ የምመራው እኔ ነኝ፤ ማንም መርጦኝ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ስለማወራ ነው። ነፋስ ተነሳ። አንዲት ፍንጣሪ ብድግ ብላ ሄዳ የኤዶ ሸራ ላይ አረፈች፣ ሸራው ወዲያው ቦግ አለ። በባልዲም በጀሪካንም ተረባርበን አጠፋነው። ጥቂት ጨርቅ ተቃጠለ እንጂ ሰው አልተነካም። ኤዶ አልጮኸችም። የተረፈውን ጨርቅ እያራገፈች «በዓላችሁ ነው፣ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ዓይን ይኑራችሁ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስናፍር ሁላችንም አንድ አይደለንም። ሰው ሲያፍር አንገቱን ይደፋል፣ እኔ ሳፍር እምላለሁ። «ከእንግዲህ እዚህ መንገድ ላይ እሳት አይነድም! ለኔ ተዉት!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

አምና ቡሄ ሲቃረብ መላ ተገኘልኝ። አሸዋው! ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ይነዱበታል፣ ማዶ ወዳለው መጋላ ሰፈር የሚሄድ ሰው በእግሩ ያቋርጥበታል። ሸራ የለ፣ የመብራት ሽቦ የለ፣ ጣራ የለ። «እሳት አሸዋ ላይ ምን ሊበላ?» እያልኩ ቤት ለቤት ዞሬ ሰፈሩን አሳመንኩ።

ድሬን የማያውቅ ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ይላል። የድሬ ሰው ግን ይህን ሲያነብ ጭንቅላቱን ይይዛል። እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከቡ ፈክቶ ሳለ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ በደቻቱ ይመጣል። ነሐሴ ደግሞ ዋናው ወሩ ነው። ያ የዘጠና ስምንቱ ክፉ ጎርፍ ስንቱን ከነአልጋው እንደወሰደው ሰፈራችን አልረሳም፤ በወንዙ ዳር ያለው ግንብም የቆመው ለዚያ ነው። ይህን ሁሉ እኔም አውቃለሁ፣ አቦ! እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ እኮ። ግን ዓመቱን ሙሉ እሳቱን ብቻ ስፈራ ከርሜ ውሃው ከልቤ ወጣ። እውነቱን ልናገር ካልኩ አልወጣም። «ለአንድ አፍታ ነው፣ ምን ይመጣል?» ነው ያልኩት።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ከጡረታ በኋላ አንድ ጎኑን መታው፣ እግሩ አይታዘዘውም። ምላሱ ግን አልታመመም። በፈረንሳይኛ ይሳደባል፣ በኦሮምኛ ይመርቃል፣ ቁጣውን ግን ለአማርኛ ነው ያስቀመጠው። ያን ቀን ቤት ይቅር ስል አማርኛውን አመጣው። «ችቦ ሳላይ ቡሄ አለፈ ልትለኝ ነው? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ስለዚህ ነጩ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከጎረቤቶች ጋር አንስተን፣ ግንቡ መሀል ባለው ደረጃ አውርደን፣ አሸዋው ላይ አስቀመጥነው።

እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንዳደረግሁ ብታዩ! ጅራፍ የሚያጮሁትን ልጆች ከእሳቱ አራቅኳቸው። ሰፋፊ ልብስ የለበሰ ሁሉ ወደ ኋላ እንዲል ጮህኩ። ከችቦው አጠገብ አንድ በርሜል ውሃ አስሞልቼ አቆምኩ። አስቡት እስቲ፤ በነሐሴ ወር ወንዝ ውስጥ ገብቼ፣ ለጥንቃቄ ብዬ፣ በርሜል ውሃ አቆምኩ። ከኩራቴ ብዛት በርሜሉን መታ መታ እያደረግሁ ነበር።

ገና መሽቶ ችቦው ሞቅ እንዳለ ኤዶ ግንቡ ላይ ብቅ አለች።

«ዋሪያ!» ብላ ጠራችኝ። «ወንድሜ ከደንገጎ ደወለ። መኪናውን ዳር አቁሞ ተቀምጧል፣ ዝናቡ መንገድ አያሳይም ይላል። ውጡ!»

ወንድሟ ሚኒባስ ነው የሚነዳው፣ የደንገጎን የተራራ መንገድ በየቀኑ ይመላለስበታል። እኔ ግን ቀና ብዬ ኮከብ አየሁ።

«ኤዶ፣ ሰማዩን አታዪውም እንዴ?»

«ሰማዩን ምን ላድርገው? ተራራውን እይ!»

በተራራው በኩል ድምፅ የሌለው መብረቅ ብልጭ ድርግም ይላል። አየሁት። ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሰዎች እርስ በርስ መተያየት ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ ክብሬ የተነካ መሰለኝና፣ አፌን ይቁረጠው፣ እንዲህ አልኳት፦

«የሸራው ነገር እስካሁን አልለቀቀሽም ማለት ነው? መንገዱን ተውንልሽ፣ አሁን ደግሞ አሸዋውን ልትከለክዪን ነው?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሞቀኝ፣ ይበልጥ ጮክ አልኩ። ኤዶ አልሄደችም፤ ደረጃው አናት ላይ ተቀመጠች።

አባቴ ልብሴን ጎተተኝ። «ልጄ፣ እንውጣ። ኤዶ በከንቱ አታወራም።»

«አንተ ደግሞ አባዬ! ችቦው ይለቅ እንጂ!»

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የከባድ መኪና መሰለኝ። ከላይ በኩል ውሾች ጮኹ። ከዚያ አንድ ሰው «መጣ!» አለ። ድሬ ውስጥ ነሐሴ ላይ «መጣ» ከተባለ ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ልጁን እያንጠለጠለ ወደ ደረጃው ተጋፋ። እኔም ሮጥኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ሰው ገፋኝ ልበል? ጨለማ ነበር ልበል? አባቴን ሌላ ሰው ያነሳው መስሎኝ ነበር ልበል? ሁሉንም ለራሴ ብዬዋለሁ። ማንም አልገፋኝም፣ ችቦውም ቀን አስመስሎት ነበር። ሮጥኩ፣ በቃ።

ግንቡ ላይ ወጥቼ ስቆም እጄ ውስጥ ሳፋ አለ። ሳፋ ሙሉ ሙልሙል። ለልጆቹ የምናድለውን ሙልሙል ከአባቴ ወንበር ሥር አንስቼ፣ ደረቴ ላይ አጥብቄ አቅፌ ነው የወጣሁት። ማለት፣ ጎንበስ ብያለሁ። አባቴ እግር ሥር ጎንበስ ብዬ ሙልሙሉን አንስቼ አባቴን ትቼዋለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

ሰዉ ወደ መንደሩ ተበትኗል። ወደ ታች አየሁ። ችቦው እየነደደ ነው፤ ከጎኑ አባቴ ነጩ ወንበር ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አልጮኸም። አልጠራኝም። ብቻ ያየኛል። የመጀመሪያው ቀጭን ውሃ ቅጠልና አረፋ እየገፋ መጥቶ የወንበሩን እግር ሲነካው አየሁ። ውረድ ውረድ እላለሁ ለራሴ፣ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። የእሱን እግር በሽታ ያዘው፣ የኔን ምን ያዘው? ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ኤዶ በአጠገቤ አለፈች። ትከሻዋ ገጨኝ። ሰፊውን ሽቲ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ «ቢስሚላህ» እያለች፣ ያን የሚያህል ሰውነቷን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ወንበሩ ጋ ደርሳ ጀርባዋን ሰጠችው፣ እጆቹን በአንገቷ ላይ ሳበች፣ እንደ ቦንዳው አንዴ ወደ ላይ ነጠቅ አድርጋ አመቻቸችውና ተነሳች። ያን ጊዜ ውሃው ችቦውን በላው። ጨለማ ሆነ። ትንፋሿንና የውሃውን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

ደረጃው ሥር ሲደርሱ ታዩኝ። ውሃው ጉልበቷን አልፏል። አባቴ አፉን ጆሮዋ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ይላታል፤ የሚጸልይ መሰለኝ። ክንዷን ግንቡ እየፋቃት ወጣች። መጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ያዘው!» አለችኝ።

ሳፋውን ጣልኩና አባቴን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ኤዶ ወደ ጨለማው ገለል አለች። ወዲያው ትልቁ ውሃ መጣ፤ ወንበሩንም በርሜሉንም ይዞት ሲሄድ ጓ ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የተበተነው ሰው የሞባይል መብራቱን እያበራ ተመለሰ። መብራቱ ፊቴ ላይ አረፈ። ያዩት ምንድነው? ውሃ የሚንጠባጠብ ሽማግሌ በልጁ እቅፍ ውስጥ። እልልታው ቀለጠ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልጄ ነው!» አለ። «ልጄ ነው ያወጣኝ!»

ሱሪዬ ደረቅ ነበር። አንድም ሰው ሱሪዬን አላየም።

በማግስቱ ሰፈሩ ቤታችን ጎረፈ። «እንኳን እግዜር አተረፈህ» ይሉታል፣ እሱ ደግሞ ይጀምራል፤ ውሃው እንዴት እንደመጣ፣ እኔ እንዴት ተመልሼ እንደወረድኩ፣ እንዴት ጀርባዬን እንደሰጠሁት። «የሚተውህ መስሎህ ነበር?» ብለው ሲጠይቁት «ልጄን አላውቀውም?» ይላል። ኤዶም ሐልዋ ይዛ መጣች። ጥግ ተቀምጣ ሰማች። አንዷ ጎረቤት ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አይታ «ምን ሆንሽ?» አለቻት። «ቦንዳ ጫረኝ» አለች። እኔ ስኒ የማነሳ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስሙ። ተናደድኩባት። በኤዶ! አትናገርም፣ አትሰድበኝም፣ ሳልፍ ስታየኝ «ሀዬ፣ እንዴት ዋልክ?» ትለኛለች እንደ ድሮው። ምን ይሆን የምታስበው እያልኩ እቃጠላለሁ። እንዳላገኛት ብዬ በጓሮ በኩል በሚያዞረው መንገድ መመላለስ ጀመርኩ። ጎረቤቶች ለጤናዬ የምራመድ መስሏቸው አመሰገኑኝ። እንደ እኔ በሁሉም ነገር የሚመሰገን ሰው አላየሁም።

ዘንድሮ ቡሄ ሲቀርብ ኮሚቴው ችቦውን የት እናብራ ብሎ ጠየቀኝ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ቀጥ ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ኤዶ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥፋለች። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

«ለምንድን ነው የማትናገሪው?» አልኳት። «ዓመት ሙሉ ለምን ዝም ትያለሽ? ሰው ሰብስቢና ስደቢኝ! ይሄ ፈሪ ነው በይ!»

«ድምፅህን ቀንስ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቆመህ ስማ» አለች፣ ጨርቁን ሳትለቅ። «አባትህ ጀርባዬ ላይ ነው። ውሃው ጉልበቴን ይመታኛል። እኔ ያ አላህ አድርሰን እላለሁ። እሱ ጆሮዬ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

ጸሎት መስሎኝ ነበር አልኳት።

«‹ላይ ስንደርስ ለልጄ አቀብዪኝ› አለኝ። ‹ሰው ሳይመጣ ቶሎ ለልጄ አቀብዪኝ።› ወላሂ! ውሃ ሊወስደው የመጣ ሰው ነፍሴን ነው የሚለው። እሱ ግን ልጄ ሰው ፊት እንዳያፍር አለ። ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልናገር? አደራ ነው።»

ጫማዬን ረስቼ በባዶ እግሬ ነው መንገዱን የተሻገርኩት፤ በኋላ ራሷ አምጥታ ደጃፋችን ላይ አስቀመጠችው። አባቴ ራዲዮ ይሰማ ነበር። አየሁት። ያን ቀን ከታች ሆኖ ያየኝ አስተያየት ትዝ አለኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ሳስብ የከረምኩት እየረገመኝ ነበር ብዬ ነው፤ እሱ ግን ለካ ሰው ምን ይለው ይሆን እያለ ነበር የሚያየኝ። ጉልበቱ ላይ ሄጄ ብወድቅ ደስ ባለኝ፣ ግን እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። ራዲዮውን ጮክ አድርጌለት ወጣሁ።

የዘንድሮው ችቦ ከመንገዱም ከደቻቱም የራቀ ሜዳ ላይ ሆነ። ቦታውን ያሳየችን ኤዶ ናት። ችቦው እንዲያንስ አደረግን፣ ነፋሱን አየን፣ ውሃውንና አሸዋውን በባልዲ በባልዲ ደረደርን። ኤዶ ባልዲዎቹ አጠገብ ቆማ በስልክ ወንድሟን ስለ ተራራው ትጠይቃለች። አባቴ አዲሱ ወንበር ላይ ነው። ሊለኮስ ሲል እጄን አነሳሁ።

«አንዴ ስሙኝ» አልኩ። ሁለቴ ደገምኩት፤ እኔ ማይክ የማያስፈልገኝ ሰው። «አምና አባቴን ከጎርፍ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ኤዶ ናት ያወጣችው። እኔ ሙልሙል አቅፌ ነው የሸሸሁት። ውጡ ስትለን የሰደብኳትም እኔ ነኝ።»

ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ እፎይ ባልኩ።

«ውሸቱን ነው!» አለ አባቴ። ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «የተሸከመኝን እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ እሱ? ልጄ ነው ያወጣኝ! ይሄ ሰው መመስገን ስለማይወድ ነው!»

«እንዴት ያለ ትሁት ሰው ነው!» አለች አንዷ። ከዚያ ሁሉም ተቀበላት። ለሴትዮዋ ክብር ብሎ ነው፣ ሰፈሩን ሊያስታርቅ ብሎ ነው ተባለ። ትከሻዬን መቱኝ፣ ሳሙኝ። ኤዶን አየኋት፤ «ተናገሪ» በሚል ዓይን ነው ያየኋት። እሷ አባቴን አየች። አባቴም አያት።

«እሱ ነው» አለች ኤዶ። «እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።»

ችቦው ተለኮሰ። ጨፈሩ። እኔ ባልዲዎቹ አጠገብ ከኤዶ ጎን ቆሜ እሳቱን ስጠብቅ አመሸሁ። ሲያልቅ የአባቴን ወንበር ሊያነሱ ሰዎች መጡ።

«ወንበር አልፈልግም» አላቸው። ወደ እኔ ዞረ። «ተሸከመኝ።»

«አባዬ፣ ሩቅ እኮ ነው።»

«ተሸከመኝ አልኩህ!»

ጀርባዬን ሰጠሁት። ከሲታ ነው፣ ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ ከባድ ነው። ሜዳውን ሳልጨርስ ጎንበስ ብዬ እንደገና አመቻቸሁት። ኤዶ ይህን ተሸክማ ነው በዚያ ውሃ ውስጥ የተራመደችው። ቆሜ ትንፋሽ ወሰድኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። እሷ ወንበሩን ይዛ ከኋላችን ትከተላለች።

ሰፈር ልንደርስ ስንል አፉን ጆሮዬ ላይ አደረገ። ትንፋሹ ሞቀኝ።

«ይኸው ተሸከምከኝ» አለ፣ ማንም እንዳይሰማ ቀስ ብሎ። «ከዛሬ ወዲያ ሰው ፊት ውሸታም አታድርገኝ።»

«እሺ አባዬ» አልኩት።

ጀርባዬ ላይ ስለነበረ ፊቴን አላየውም።